ሜዳውን ማን ደለደለው?

በዝናብ ድንኳን መትከል የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በዕድር ነው። የልቅሶ ድንኳን ቦታ አይመረጥለትም። ረባዳም ይሁን ቁልቁለት፣ ሐዘኑ ያለበት ደጅ ላይ ይተከላል። ስለዚህ ካስማው ተመትቶ አውታሩ ሲወጠር፣ ዶማ የያዘ ሰው ዙሪያውን ቦይ ይቀዳል፤ ጎርፉም በዚያ ይሄዳል። አሁን ባለሁበት በአሜሪካ፣ በሚኒሶታዋ ሻኮፒ ከተማ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በመናፈሻዎቹ መሬት መቆፈር ክልክል ነው፤ ቦታ መምረጥ ግን በእጃችን ነው። ቦዩ ይሠራልን የነበረውን ሁሉ እዚህ ዓይን መሥራት አለበት።

ከማኅበራችን ቤተሰቦች ጋር ለካምፒንግ የምንወጣው ከሰኔ ጀምሮ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ዝናብ የሚበዛበት ወር ነው። የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፦ ለጥ ያለ፣ ሣሩ የለመለመ፣ ትልልቅ ዛፍ ያጠላበት፣ ከወንዙ የማይርቅ። «ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ይተኛል፤ ትንሽ ከፍ ብንል ይሻላል» ስል መልሱ አይለወጥም። «ልጄ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል። እዚያ ላይ ደግሞ መሬቱ ይጎረብጣል፤ ወገቤ አይችለውም።»

እንዲህ የሚለውን ሰው ሞኝ ልለው አልችልም። የሚጎረብጥ መሬት ወገብ እንደሚያሳምም በደንብ ያውቃል፤ ዝናቡ ግን ገና ግምት ነው። ምክር የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ሰማዩ አልከራከርም፤ ስለ መሬቱ እጠይቃለሁ፦ ይህን ሜዳ እንዲህ አስተካክሎ የደለደለው ማን ነው?

ወንዙ ነው። የሚኒሶታ ወንዝ ሸለቆ ዛሬ ለሚፈስበት ውሃ እጅግ ሰፊ ነው፤ የቆፈረው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አጋሲዝ ከተባለው ግዙፍ የበረዶ ዘመን ሐይቅ ይወርድ የነበረው ወንዝ ነው። የዛሬው ወንዝ በዚያ ሰፊ አልጋ ውስጥ በየጊዜው እየሞላ ደለሉን ያነጥፋል። ዓይን የሚማርከው ልስላሴና ልምላሜ ከዚያ የመጣ ነው። ከሻኮፒ ወደ ጆርዳን ከተማ በሚወስደው ሸለቆ ብትወጡ ምልክቱን ታገኙታላችሁ። በዛፎቹ ግንድ ላይ በአንድ ቁመት የተሰመረ ደረቅ ጭቃ አለ፤ ከራስ በላይ በቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ አለ። የሚያጠሉት ኮተንዉድና ሲልቨር ሜፕል ራሳቸው ጎርፍ የሚጎበኘውን መሬት የሚወዱ ዛፎች ናቸው። ኮተንዉድ ደግሞ የደረቀ ቅርንጫፉን በነፋስ ይጥላል፤ ከሥሩ መተኛት ለብቻው አደጋ ነው።

የጠራ ሰማይም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2024 ማንኬቶ አጠገብ ብሉ ኧርዝ ወንዝ የራፒደንን ግድብ ዳር ጥሶ ወጣ። ያ ውሃ ወደ ሚኒሶታ ወንዝ ገብቶ ወደ እኛ ይወርዳል። ላይ የዘነበው ሻኮፒ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታልና፣ እኛ ፀሐይ እየሞቅን ወንዛችን ሊሞላ ይችላል። እንዲያም ሆኖ የኛ ወንዝ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ተራራማ አገር ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 አርካንሳ ውስጥ፣ አልበርት ፓይክ በተባለው የካምፕ ስፍራ፣ የሊትል ሚዙሪ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ 20 ሰዎች ሞቱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ፣ አብዛኛውን የዓመት ጊዜ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በላ። ይህን ለቤተሰቦቹ ስናገር ድምፄ ይለወጣል፤ ለማስፈራራት ብዬ አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያገኘን ትንሹ ውሃ ነው። ብዙ ሰው የተኛበት ቦታ ተረግጦ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ አፈሩም ጠጥሮ ውሃ አያስገባም። እኔ ከጠርሙስ ውሃ አፍስሼ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ይበቃል፤ ራስጌ ወደ ላይ፣ በሩ ከነፋሱ ተቃራኒ። ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል አልፎ ከታየ ዝናቡን ተቀብሎ ከጀርባችን ሥር ያስገባዋል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ናይለን ሲርስ ይላላልና ከመተኛት በፊት አውታሩን እንደገና መወጠር ያስፈልጋል።

አሁን በማኅበራችን አንድ ልማድ አለ። ቦታው ተዞሮ ሳይታይ ከመኪና ዕቃ አይወርድም፤ ድንኳን ከከረጢቱ ከወጣ በኋላ የሚሰማ ጆሮ የለምና። ቀድመው የሚዞሩትም ታላላቆቻችን ናቸው። ብዙውን ጊዜ እኔ አፌን ሳልከፍት ከጋሼዎቹ አንዱ ግንዱን ዳስሰው «ኧረ እዚህስ ውሃ ደርሷል!» ይላሉ። ድንኳኖቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ለወገባቸው ወፍራም ፍራሽ እናመጣላቸዋለን። ሜዳው ለልጆቹ ኳስ ይቀራል።