የጊታ ዋርካና የጌዴኦ ደን

ብሃጋቫድ ጊታ የተባለው የሕንዶች መጽሐፍ በ10ኛው ምዕራፍ ክሪሽናን፥ ከማይነቃነቁት ሂማልያ፥ ከዛፎችም የዋርካ ወገን የሆነው አሽቫታ ነኝ ያሰኘዋል። ይህን ብቻ አንብቦ «ዛፍ አምላኪ» ብሎ መፍረድ ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ነው፤ በ9ኛው ምዕራፍ ፍጥረት በእርሱ ይኖራል እንጂ እርሱ በፍጥረት እንደማይወሰን ተነግሯልና። እርግጥ ነው፥ 10ኛው ምዕራፍ ሰሙን ከወርቁ እጅግ ስላቀራረበ ለስሕተት በር ይከፍታል፤ ዳዊት ግን ሰማያትን የክብሩ ነጋሪዎች አደረጋቸው እንጂ እርሱ ናቸው አላለም።

ይኸው የችኰላ ፍርድ በኢትዮጵያም፥ በዲላ ዙሪያ በጌዴኦ ምድር ደርሷል። ሽማግሌዎች ማጌኖ የሚሉትን የሰማይ አምላክ በሚለምኑበት ደን ዛፍ መቍረጥ ነውር ነበር፤ ሃይማኖት ሲለወጥ ግን ደኑ ራሱ እንደ ጣዖት ተቈጥሮ ምሳር አገኘው። የቀረው ከእንሰቱና ከቡናው ጋራ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።