የኤድዋርድ ሆል «ድምፅ አልባው ቋንቋ» እና የመምህሩ ፍርድ

ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በንግግር ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ በሚተወው ርቀት፣ በጊዜ አያያዙና በዓይን አጣጣሉም ጭምር ነው። ይህን ጉዳይ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ለማድረግ ከደከሙት ምሁራን መካከል አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል (1914–2009 እ.ኤ.አ.) በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሆል በ1930ዎቹ በአሪዞና ከናቫሆና ከሆፒ ሕዝቦች ጋር ሠርተዋል፤ በ1942 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሠልጠኛ ተቋም ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ባለሙያዎችን ያስተምሩ ነበር። ከዚህም ልምድ በ1959 እ.ኤ.አ. «ድምፅ አልባው ቋንቋ» ተጻፈ። በ1966 እ.ኤ.አ. በታተመው «ስውሩ ልኬት» በሰዎች መካከል የሚጠበቀውን ርቀት በ4 ከፈሉት፤ የመጀመሪያው፣ የቅርብ ወዳጅነት ርቀት፣ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ልኬቱ ግን በጥቂት አሜሪካውያን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለሰው ልጅ ሁሉ እንደማያገለግል ራሳቸው አስጠንቅቀዋል።

ይህን ጥንቃቄ ሁልጊዜ አልጠበቁም። በ1960 እ.ኤ.አ. በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ ለውሳኔ የሚፈጀው ጊዜ በጉዳዩ ክብደት መጠን እንደሆነ፣ ዝቅተኛ ሹማምንትም ሥራቸውን ለማስከበር ውሳኔ እንደሚያዘገዩ ገልጸዋል። ደጅ ጥናትን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ መዘግየቱ ክብርን ከመሻት ነው፣ ሥልጣን ለበታች ካለመሰጠቱ ነው ወይስ ከሠራተኛ እጥረት? ጽሑፉ አይለይም። ባህል የሁሉም ነገር ምክንያት ከተደረገ አሠራርን የማሻሻል ኃላፊነት ባለቤት ያጣል።

የሆል ሥራ ለመምህር የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ አይቀንስም። በአገራችን በብዙ ቤት ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን እንዲደፋ፣ ሳይጠየቅም እንዳይናገር ሆኖ ያድጋል። ይኸው ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ሲል «አልገባውም» ተብሎ የተሳትፎ ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል። በአንጻሩ ዝምታን ሁሉ ጨዋነት ብሎ ማለፍ በእውነት ያልገባውን ልጅ መበደል ነው። በመሆኑም መምህሩ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ተማሪውን በጽሑፍ፣ በትንሽ ቡድንና ለብቻው ደጋግሞ ሊጠይቀው ይገባል። የምዘና መመሪያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል።

ሆል አጥብቀው ያሳሰቡት፣ ባህል ከሁሉ ይልቅ የሚሰወረው ከገዛ ባለቤቱ መሆኑን ነው። እንግዲያው ምርመራው ከተማሪው ዝምታ በፊት፣ መምህሩ ዝምታን ከሚተረጉምበት ልማድ ሊጀምር ይገባዋል።