«መጫን» እና «ማራገፍ»፦ ስለ ሁለት የኮምፒውተር ስያሜዎች

«መጫን» እና «ማራገፍ» በኮምፒውተር አማርኛ ጥንድ ስያሜዎች ሆነዋል። የተወሰዱት ከጋማ ከብት ጭነት ስለሆነ ለሐይቅና ለአምባሰል ገበያተኛ እንግዳ አይደሉም። ለአንድ ፕሮግራም ሲነገሩ አንነቅፋቸውም፤ ለሥርዓተ ክወና ሲነገሩ ግን ያሳስታሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ዊንዶውስ 7 በአዲስ ላፕቶፕ ሊያሠራ የሚሻ ሰው «አዲሱን አራግፈው አሮጌውን ይጫኑ» ቢባል ምን ይረዳል? ከአህያ የተራገፈ እህል እዚያው መሬት ላይ ይቆያል፤ ሲፈለግም ተመልሶ ይጫናል። ከዲስክ የጠፋ ሰነድ ግን ቅጂ ከሌለው መመለሱ ያጠራጥራል። ተርጓሚው እዚህ ላይ ሳያለዝብ «መደምሰስ» ማለት ይገባዋል እንላለን።

ደግሞም ሥርዓተ ክወና ሌላውን ሁሉ ተሸካሚ እንጂ ጭነት አይደለም። ስለዚህ «መትከል» ይሻላል፤ ችግኝ የሚተክል ሰው መሬቱን አስቀድሞ ያያልና። ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር በውስጡ ስለሌለው ሥራው በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ገና ከጅምሩ ሊቆም ይችላል።

«ይጫኑ» የሚለው ትእዛዝ ሌላም ጣጣ አለው፦ «ጫ» ሲጠብቅ ቁልፍን፣ ሲላላ ጭነትን ይመለከታል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ቃሉ ብቻውን ሲጻፍ አንባቢው የትኛውን እንደታዘዘ አይለይም።