ዶማ ከማንሳት በፊት

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ጎመን ልኮተኩት ወጣሁ። ጉዝጓዙን ገለጥ ሳደርግ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳላስብ በዶማ መታሁት። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከክንዴ የማትረዝም፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች እባብ ናት። ከአፏ ግማሹ የተዋጠ፣ ልጋጉ ያልደረቀ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ወጥቷል። በየሌሊቱ ጎመኔን ወንፊት ሲያስመስል የከረመው ተባይ ይኸው ነው። የገደልኩት እሱን የምትለቅምልኝን ነበር።

ያን ቀን የተሰማኝ ጸጸት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ጓሮ መያዝ ማለት እዚያ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ መሆኑን ከእሷ ተማርኩ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ፍርሃታችን መሠረት አለው፤ በአገራችን ሰው የሚገድል እፉኝት አለ። ጓሮ ውስጥ የሚገኘው እባብ ሁሉ ግን እፉኝት አይደለም። ያቺ ትንሿ የሳይንስ ሰዎች ዱቤሪያ ከሚሉት ወገን ናት። ቀንድ አውጣው መሬት ላይ የተወውን ልጋግ በምላሷ እያሰሰች ትደርስበታለች። እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ መስመር ያለው ቡናማው የቤት እባብ ደግሞ ሌሊት አይጥ ያድናል፤ የሚገድላትም ተጠምጥሞ በማነቅ እንጂ በመርዝ አይደለም።

አምና ክረምት የሚያግዘኝ ልጅ ከቆስጣው መደብ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እባብ! ልበለው?»

«ተው ልጄ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በል።»

ቆመን አየናት። ራሷን ከሥር ደብቃ እንደተጠቀለለ መቀነት ክብ ሠርታለች። ዝም ስንል ቀስ ብላ ተፈታች፤ አንገቷን አስግጋ ጉዝጓዙ ውስጥ ገባች። ልጁ ዶማውን መሬት ላይ አኖረው።

ይህን ስል ማንም እባብ በእጁ ይያዝ ማለቴ አይደለም። መርዛማውን ከሌላው በዓይን መለየት ለለመደም ያስቸግራል፤ ስለዚህ የትኛውንም አልነካም፣ መውጫውንም አልዘጋበትም። ጉዝጓዙን በረጅም እንጨት ገልጬ ሳላይ እጄን አላስገባም። ቡትስ ሳላጠልቅ መደብ ውስጥ አልገባም። የማገዶ ክምሩን ከበር አርቄዋለሁ፤ የአይጥ መርዝም አልበትንም፣ የተመረዘች አይጥ የበላ እባብ አብሮ ሊመረዝ ይችላልና። እባብ የነደፈው ሰው ካጋጠመ ደግሞ መብጣት፣ መምጠጥና ጠፍሮ ማሰር ጉዳት ነው፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ከዚያች ሐምሌ ወዲህ በጓሮዬ እባብ አልተገደለም። እናንተም ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉና እዩ።