ጭምት ሽቱ

ዓይን የማይወደውን እንዳያይ ይከደናል፤ ጆሮም በጣት ይደፈናል፤ አፍንጫ ግን ሳይተነፍሱ መኖር ስለማይቻል ደጁ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስለዚህ ሽቱ የተቀባ ሰው ባጠገቡ ያለውን ሁሉ ሳያስፈቅድ የሚያነጋግር መሆኑን መዘንጋት አይገባውም። በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሆነን ስንሠራ የምንውል እኛ ይህን በሚገባ እናውቀዋለን። አንድን ሽቱ ስንመረምርም «መዓዛው ደስ ይላልን?» ከማለታችን አስቀድሞ «አነጋገሩ እንዴት ነው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለዚህ ምርመራ የመረጥነው «ቴር ዴርሜስ» የተባለውን የፈረንሳይ ሽቱ ነው፤ ትርጓሜውም የኤርሜስ ምድር ማለት ነው። የኤርሜስ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተመሠረተ ሲሆን፥ ይህን ሽቱ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ቀማሚውም ጥቂት ቅመሞችን ብቻ እያዋሐደ በመሥራት ስሙ የታወቀው ዣን ክሎድ ኤሌና ነው።

ሽቱው በተረጨ ጊዜ በመጀመሪያ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ልጣጭ ያውዳል። ይሁን እንጂ እንደ ጭማቂ የሚጣፍጥ ሳይሆን ጥቂት ምሬት ያለበት ነው፤ ቁንዶ በርበሬም ያነቃዋል። ወዲያው ባልጩት ከባልጩት ሲጋጭ የሚሸተውን የመሰለ ደረቅ የድንጋይ ሽታ ብቅ ይላል። ብርቱካኑ ቀስ በቀስ ሲርቅ ዝግባና ቬቲቨር ይተካሉ። ቬቲቨር በሀገራችንም አፈር እንዳይሸረሸር የሚተከል ሣር ነው፤ የሽቱው ዘይት የሚገኘውም አፈሩን ጨብጦ ከሚይዘው ሥሩ ነው። ምድር የተባለ ሽቱ በዚህ ሥር ላይ መቆሙ ስሙ በከንቱ እንዳልወጣለት ያስረዳል። በመጨረሻም ቤንዞይን የተባለው የእስያ ዛፍ ሙጫ ለደረቁ እንጨት ለስላሳ ሙቀት ይሰጠዋል።

ቀማሚው አበባውንና ጣፋጩን ስላላበዛበት እያንዳንዱ መዓዛ ተለይቶ ይታወቃል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውን ብሂል በሽቱ ሥራም እውነት መሆኑን ያሳየን ይመስለናል።

ሆኖም ነቀፌታ አለን። ለእንጨቱ መዓዛ ሲባል በብዛት የገባው ኢሶ ኢ ሱፐር የተባለ በላቦራቶሪ የተሠራ ቅመም ነው፤ የአንዳንዱም ሰው አፍንጫ ፈጥኖ ይለምደዋል። የተቀባው ሰው «ጠፋ» ብሎ ደጋግሞ ሲረጭ በጎረቤቱ አፍንጫ ላይ ይጮኻል። ጭምቱ ሽቱ ለፍላፊ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ቴር ዴርሜስ ሙቀት ያለውና ሰውን የማያስጨንቅ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የጭምትነቱ እኩሌታ በቀማሚው ብልኃት፥ እኩሌታውም በተቀባው ሰው እጅ ይገኛል። ቀማሚው ድርሻውን ፈጽሟል፤ የቀረው አንድ ሁለት ጊዜ ረጭቶ ማቆምን ለሚያውቅ ሰው የተተወ ነው። እኛም በሥራ ክፍላችን እንዲህ ያለውን ጎረቤት እንመርጣለን።