«የገጽ ዝላይ» ወይስ «የገጽ ዝውውር»? ስለ ተቀሰቀሱ ሞለኪውሎች ጥናት ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

ብርሃን የዋጠ ሞለኪውል ከዚያች ቅጽበት በኋላ ምን እንደሚሆን በኮምፒዩተር ሞዴል የሚከታተለው ጥናት ከንድፈ ሐሳባዊ ኬሚስትሪ ዘርፎች አንዱ ነው። ወጣት ተመራማሪዎችን በዚሁ ዘርፍ ለማሠልጠን በአውሮፓና በአሜሪካ አጫጭር ኮርሶች ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በፈረንሳይ አገር በኦርሴ የተቋቋመውና ዛሬ መቀመጫው በስዊዘርላንድ ሎዛን የሆነው ሴካም በዚህ ረገድ የቆየ ስም አለው። ሠልጣኙ ንድፈ ሐሳቡን ከሰማ በኋላ እንደ ኒውተን-ኤክስና ሻርክ ባሉ ፕሮግራሞች ይለማመዳል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ነገሩ ገብቶት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ቁጥር ያስገባ ሁሉ ቁጥር ያገኛል። አለመረዳቱ የሚገለጠው ሠልጣኙ ያገኘውን ውጤት በቃል አብራራ በተባለ ጊዜ ነው። የስያሜ ጉዳይ ከጌጥነት አልፎ የትምህርቱ አካል የሚሆነውም ስለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛው ስያሜ ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ቀመር ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያስረዱት ባፋቸው በፈቱት ቋንቋ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚይዙት ቃል ጠማማ ከሆነ የሚይዙት ሐሳብም ይጣመማል።

ከዘርፉ መጠሪያ እንጀምር። ተርጓሚው ተራውን የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ብርሃን ለዋጠው ሞለኪውል ሁኔታ «የተደሰተ»፣ «የጋለ»፣ «የተነቃቃ» የሚሉ አማራጮች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያውን ትተን እንለፍ። «የጋለ» ግን ለጆሮ ስለሚጥም አደገኛ ነው። ብርሃን ሲዋጥ ኢነርጂው መጀመሪያ የሚያርፈው በኤሌክትሮኖቹ አደረጃጀት ላይ ነው፤ ኒውክሊየሶቹ በዚያች ቅጽበት ገና ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም። ሙቀት የምንለው የኒውክሊየሶች መርገብገብ ኋላ የሚመጣ ነው። ጥናቱ የሚጠይቀው ደግሞ ይኸው ኢነርጂ ከኤሌክትሮኖቹ ወደ ኒውክሊየሶቹ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚተላለፍ ነው። «የጋለ ሁኔታ» ያለ ሰው እንግዲህ ጥያቄውን ገና ሳይጠይቅ መልሶታል። «የተነቃቃ»ም ቢሆን ያለ ብርሃን፣ በሙቀት ብቻ የምላሽን ጉብታ ለመውጣት ከተዘጋጀ ሞለኪውል ጋር ያምታታል። እኛ የምንመርጠው «የተቀሰቀሰ ሁኔታ» የሚለውን ነው። የተኛ ይቀሰቀሳል፣ ጠብም ይቀሰቀሳል፤ ቀስቃሽ እንዳለው፣ ውሎ አድሮም እንደሚረግብ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ዝቅተኛው ሁኔታ ቃል በቃል «የመሬት ሁኔታ» ከተባለ አንባቢው ስለ እርሻ መሬት የሚወራ ሊመስለው ይችላል። «መነሻ ሁኔታ» ከዚህ የባሰ ነው፤ በዚህ ጥናት የስሌቱ መነሻ የተቀሰቀሰው ሁኔታ ነውና ሁለቱ ፍጹም ይጋጫሉ። «የወለል ዋጋ» እንደምንል «የወለል ሁኔታ» ማለት ይበቃል።

«ሁኔታ»ን በ«እርከን» እንተካ የሚሉ ይኖራሉ። ቃሉ ውብ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። እርከን የኢነርጂን ከፍታ ይለካል፤ ሁኔታ ደግሞ የኤሌክትሮኖቹን አደረጃጀት ይሰይማል። ሁለት ልዩ ልዩ ሁኔታዎች በአንድ ከፍታ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ የዘርፉ ዋና ጉዳይ የሆነው ሾጣጣ መጋጠሚያም ይኸው ነው። ሁለት የኢነርጂ ገጾች ጫፍ ለጫፍ እንደገጠሙ ሁለት ሾጣጣዎች የሚነካኩበት ስፍራ ማለት ነው። ሁኔታን እርከን ካልነው «ሁለቱ እርከኖች በአንድ እርከን ላይ ተገናኙ» ልንል ነው።

እዚህ ላይ «ኀይል» የሚለውን ቃልም ሳንነካ አናልፍም። በአንዱ መጽሐፍ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ሲያመለክት ኖሯል። በዚህ ስሌት ኒውክሊየሶቹን የሚገፋው ጉልበት የኢነርጂው ገጽ ተዳፋት ነው። ለሁለቱም አንድ ቃል የያዘ ተርጓሚ «ኀይል የኀይል ተዳፋት ነው» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ «ጉልበት» እና «ኢነርጂ» ተለያይተው ይቀመጡ፤ በባዕድነቱ የሚከፋ ቢኖር ከድንግርግር ባዕድ ቃል ይሻላል።

የርእሳችን ጉዳይ ይህ ነው። ጆን ተሊ እ.ኤ.አ. በ1971 ከፕሬስተን ጋር ባወጣው፣ በ1990ም ባሻሻለው ዘዴ፣ ኒውክሊየሶች በአንድ የኢነርጂ ገጽ ላይ ይጓዛሉ፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው ዕጣ እያወጣ ወደ ሌላው ገጽ ያሳልፋቸዋል። እንግሊዝኛው «መዝለል» ብሎታል። በአማርኛ «የገጽ ዝላይ» ስንል ግን በቅድሚያ የሚታሰበን ሲያነብ ገጽ የዘለለ ተማሪ ነው! ቀልዱ ይቅርና ቃሉ በሐሳብም ይበድላል። የሚዘል ነገር ከቆመበት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ በዚህ ስሌት ግን ኒውክሊየሶቹ ባሉበት ናቸው፤ የሚለወጠው የሚመሩበት ገጽ ነው፤ የኢነርጂውም ጠቅላላ ድምር እንዲጠበቅ ፍጥነታቸው ይስተካከላል። ተሊ ራሱ የ1990ውን ዘዴ ሲሰይም ከመዝለል ይልቅ ለመቀያየር የቀረበ ቃል መጠቀሙን ልብ ይሏል።

እኛ «የገጽ ዝውውር» እንላለን። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የተዛወረ ሠራተኛ ያው ሰው ነው፤ አለቃው ይለወጣል፣ ደመወዙም ሊስተካከል ይችላል። የዝውውር ጥያቄው ውድቅ ሊሆንም ይችላል፤ ዕጣው ወደ ላይኛው ገጽ እለፍ ሲል የኒውክሊየሶቹ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ካልበቃ ፕሮግራሙ እንዲሁ ያደርጋል። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ይዞ ይህን «ተስፋ የቆረጠ ዝላይ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ «የታገደ ዝውውር» ግን ነገሩን ይገልጻል። «የደም ዝውውር» ከሚለው ጋር መጋራቱ እንከኑ ነው፤ ዐውዱ ይለየዋል ብለን እናልፈዋለን። «ሽግግር» የሚለውን ደግሞ በተፈጥሮ ለሚሆነው ለውጥ ብቻ እንተወው። ዝውውር የስሌቱ ነው፣ ሽግግር የሞለኪውሉ። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሠልጣኝ አንዱን የስሌት ጉዞ አይቶ «ሞለኪውሉ በ100 ፌምቶሰከንድ ዘለለ» ይላል፤ ትርጉም ያለው ግን የብዙ ጉዞዎች ድምር ነው።

ለዚህ የዐይናችን ነገር ይጠቅሳል። በዐይን ውስጥ ያለው ሮዶፕሲን ብርሃን ሲዋጥ በውስጡ የታጠፈው ሬቲናል ይዘረጋል፤ ይህም 200 ፌምቶሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚፈጅ እ.ኤ.አ. በ1991 በሙከራ ታውቋል። ብርሃን ከዋጡት መካከል የሚዘረጉት ከ3 እጅ 2 እጅ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ወደ ቀድሞው ቅርጻቸው ይመለሳሉ። አንዲት የስሌት ጉዞ ወይ ተዘርግታ ወይ ተመልሳ ታልቃለች እንጂ ይህን ድርሻ ልትናገር አትችልም።

«አዲያባቲክ»ን በሚመለከት መተርጎሙን አንደግፍም። ቃሉ በግሪክኛ «የማይታለፍ» የሚል ፍቺ አለው፤ በሙቀት ሳይንስ ሙቀት የማያሳልፍ ማለት ሲሆን በዚህ ዘርፍ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከያዙት ሁኔታ ሳይወጡ የኒውክሊየሶቹን ዝግ ያለ ጉዞ መከተላቸውን ያመለክታል። ቦርንና ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1927 ያቆሙት ግምት የሚፈርሰው በሾጣጣ መጋጠሚያ አጠገብ ነው፤ ይህን «ሙቀት የሚያሳልፍ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ከሌላ መጽሐፍ ገልብጧል።

ያልተፈታ የቀረን «ኮሄረንስ» ነው። «ቅንጅት» ሰው ያቀናጀው ያስመስላል፤ «ተዛምዶ» ደግሞ በስታቲስቲክስ ተይዟል። የተሊ ዘዴ ዋና ድክመት በዚህ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሁኔታዎች ከተለያዩ በኋላም ስሌቱ እንደተያያዙ ይቈጥራቸዋልና፣ በችኮላ ቃል መስጠቱን አልወደድንም። ለጊዜው በፊደላችን «ኮሄረንስ» ተብሎ ይጻፍ፤ መጀመሪያ በሚነሣበትም ስፍራ አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይከተለው።