ከእግር የሚተርፍ ቀለም

ለኪሞኖ የሚሆን ዞሪ ስነድፍ ቀለም ከመምረጤ በፊት እግር የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍን አያለሁ። ዞሪ ሲያዩት ቀላል ጫማ ነው፤ ጠፍጣፋ ሶልና ከአውራ ጣት አጠገብ ገብቶ በግራና በቀኝ የሚከፈል ማሰሪያ። ማሰሪያውን ጃፓኖች ሃናኦ ይሉታል። ሶሉ ላይ የሚያምር አበባ ቢያሳርፉበት፣ ሲጫሙት አበባው ከእግር ሥር ይቀራል። የሚታየው ባለቤቷ ቤት ደርሳ አውልቃ፣ መግቢያው ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ ስታስቀምጠው ነው። መንገድ ላይ ለዓይን የሚተርፉት ሃናኦው፣ የሶሉ ዳርና ጎኑ ናቸው። ደማቁን ቀለም የማውለውም እዚያ ላይ ነው።

ሃናኦ ያለ ጎረቤት አይታይም። ዞሪ የሚደረገው ታቢ በሚባለው፣ አውራ ጣትን ለይቶ በሚያስገባ ካልሲ ላይ ሲሆን የተለመደው ታቢ ነጭ ነው። ጠረጴዛ ላይ ረጋ ያለ የመሰለ ቀይ ሐር ነጩ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ደግሞ ይጠፋል። ነጭ ነጠላ ላይ ጥለት የሚጥል ሸማኔ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በሞቃቱ ወራት ዩካታ ከሚባለው ስስ የጥጥ ኪሞኖ ጋር በባዶ እግር የሚደረገው የእንጨት ጫማ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የማሰሪያው ጎረቤት የሰው ቆዳ ስለሆነ ጥቁር ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ሳይከብዱ ይስማማሉ።

ጨርቅ ስቆርጥ የማሰሪያውን ጥበት አልረሳም። ለኪሞኖ የተሸመነ መዳፍ የሚያህል አበባ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ማሰሪያ ላይ ቅጠልና ግማሽ ግንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደቃቅ ጌጥ እመርጣለሁ፤ አለዚያም አንዱን ቅጠል ለይቼ በግራና በቀኝ ትይዩ እንዲወድቅ አድርጌ እቆርጣለሁ። ማሰሪያው ውስጡ ገመድና ልስልስ መሙያ ስላለው ሞላ ይላል፤ አናቱ ብርሃን ሲቀበል ጎንና ጎኑ ይጠቁራል። የውስጠኛው ገጽ የራሱ ጣጣ አለው። ከእግር ጋር የሚፋተገው እሱ ስለሆነ ልስልስ ከፈይ ይደረግበታል፤ የከፈዩ ቀለም በደንብ ካልያዘ ግን ላብ ሲነካው ነጩን ታቢ ያበላሻል። ስለዚህ እርጥብ ነጭ ጥጥ ወስጄ ጨርቁን ደጋግሜ እፈትጋለሁ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ያ ጨርቅ ወደ ውስጥ አይገባም።

የሶሉ ጎን እንደልቤ የምሆንበት ቦታ ነው። ለሠርግና ለመሰል ድግስ ከፍ ያለ ሶል፣ ወርቅማ፣ ብርማ ወይም ነጣ ያለ ቀለም ይጠበቃል፤ ለሽርሽር ዝቅ ያለው ይበቃል። ጎኑ በስስ ንብርብር ሲሠራ እያንዳንዱ ንብርብር የየራሱን ቀለም ሊለብስ ይችላል። ከላይ ግራጫ የሆነ ዞሪ፣ ለባሿ እግሯን ስታነሳ የቢጫና የወይን ጠጅ መስመር ብልጭ ያደርጋል። በጃፓን የኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት የከተሜውን የቅንጦት ልብስ በአዋጅ ሲከለክል፣ ሰዉ ከላይ ቡኒና ግራጫን በዓይነት በዓይነቱ አራብቶ ውዱን ሐር ገበር አደረገው። እኔም ቀለሙን ጎን ላይ ስሸሽግ ያንኑ ልማድ እየተከተልኩ ነው።

ሃናኦ በሶሉ ሦስት ቀዳዳዎች አልፎ ከሥር ይታሰራል። ነባር ሱቆች ውስጥ ባለሙያው የደንበኛዋን እግር አይቶ ቋጠሮውን ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ ተረከዟም ከሶሉ ጥቂት ወደ ኋላ እንዲያልፍ ያደርጋል። ይህ አሠራር ለነዳፊ በር ይከፍታል፤ ማሰሪያው ሲያረጅ ይፈታና ሌላ ይገባል፣ ሶሉ ግን ያገለግላል። ስለዚህ ብዙ ኪሞኖ ያላት ደንበኛ ለእያንዳንዱ ዞሪ ልታዘኝ ስትመጣ፣ አንድ ነጣ ያለ ግራጫ ሶል ከሁለት ሦስት ማሰሪያ ጋር እንድትይዝ እመክራታለሁ። ማሰሪያውን ከኪሞኖው ጋር ላመሳስል አልሞክርም፤ በመቀነቷ ላይ ከሚታሰረው ቀጭን ገመድ አንድ ቀለም እወስዳለሁ። ገመዱ ወገብ ላይ፣ ሃናኦው እግር ላይ አንዱን ቀለም ከደጋገሙት፣ በመካከላቸው ያለው ኪሞኖ የፈለገውን ያህል ቢያሸበርቅ አለባበሱ አይበታተንም።